ሦስት ቀን፣ አራት ቤተ መቅደስ፣ አንድ አስጎብኚ

(ይህ ለጉዞ ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች ስለጠየቁኝ፣ እንደተናገርኩት አድርጌ ጽፌዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አጭር ጉዞ ነው። ሦስት ቀን ብቻ። ቦታው ሉክሶር ነው፤ ከካይሮ ወደ ደቡብ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የጥንቷ የግብፅ ከተማ ቴብስ ማለት ነው። ተጓዦቹ እኔና እናቴ ነን። ከእኛ ጋር አንድ አስጎብኚና አንድ ሹፌር ነበሩ። ሌላ ማንም የለም።

ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር። ያኔ የሄድኩት በቡድን ነው፤ አርባ ሰው በአንድ አውቶቡስ። አስጎብኚው ጃንጥላ ከፍ አድርጎ ከፊት ይሮጣል፣ እኛ ከኋላ እንከተላለን። አንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ከቆየን ብዙ ነው። የፓፒረስ ሱቅ ውስጥ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን፣ ከዚያ ደግሞ የድንጋይ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ወሰዱን። ስመለስ ስልኬ ላይ ስድስት መቶ ፎቶ ነበር፤ የትኛው ዓምድ የየትኛው ቤተ መቅደስ እንደሆነ ግን መለየት አልቻልኩም። በጣም ነበር የከፋኝ። ያን ያህል ገንዘብ ከፍዬ፣ ያን ያህል መንገድ ሄጄ፣ ምንም ሳላይ ተመለስኩ።

ስለዚህ ሁለተኛውን ጉዞ በሌላ መንገድ አሰብኩት። እናቴ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። በቡድን መሄድ አትችልም። ግብፅን የማየት ምኞት ነበራት፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ የተሰደደችበት አገር ስለሆነ። ቤተ መቅደሶቹን ግን አልፈለገቻቸውም። «የጣዖት ቤት ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» አለችኝ። እኔም «አንቺ ጥላ ስር ትቀመጫለሽ፣ እኔ አይቼ እመለሳለሁ» ብዬ አግባባኋት። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አስጎብኚውን ከመሄዳችን በፊት በጽሑፍ አገኘሁት። ግብፅ ውስጥ አስጎብኚ ለመሆን የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ የጥንቱን ታሪክ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተማሩ ናቸው። የእኛው እንዲያውም ሂሮግሊፍ፣ የጥንት ግብፆችን የሥዕል ጽሑፍ፣ ያነባል። ሦስት ነገር ለመንኩት። አንደኛ፣ በቀን ከሁለት ቤተ መቅደስ በላይ አንሄድም። ሁለተኛ፣ ሱቅ የሚባል ነገር የለም፣ በዚያ ምክንያት የምታጣው ኮሚሽን ካለ ንገረኝና ሒሳብህ ላይ ልጨምርልህ። ሦስተኛ፣ እናቴ በፈለገች ሰዓት እንቀመጣለን። «እኔም የምወደው እንዲህ ያለውን ሥራ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሰውየውን ያኔውኑ ወደድኩት።

የሄድነው በጥር ነው፣ ጥምቀት ባለፈ ሳምንት። በበጋቸው እንዳትሞክሩት፤ ሉክሶር ከአርባ ዲግሪ በላይ ትግላለች። በጥር ግን ጠዋት ሹራብ ያስለብሳል፣ እኩለ ቀን ላይ እንደ አዳማ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ካርናክ የሚባለው ቤተ መቅደስ ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በሩ ሲከፈት ገባን። የቡድን አውቶቡሶቹ ገና አልደረሱም። በግራና በቀኝ የበግ ራስ ያላቸው የአንበሳ ቅርጾች ተደርድረዋል፣ ከፊት ግዙፉ የመግቢያ ግንብ ቆሟል። እኔ ወደ ውስጥ ልሮጥ ስል አስጎብኚያችን እጄን ይዞ አስቆመኝ። በሩን እንዳለፍን ወደ ቀኝ ታጠፍንና ከግንቡ ጀርባ ወሰደን። ማንም አይሄድበትም። አንድ የጭቃ ጡብ ክምር አለ። የፈረሰ የአጥር ግንብ ነው የሚመስለው።

«ማማ፣ እዚህ ይቀመጡ» አላት እናቴን፣ የራሱን ጃኬት ድንጋይ ላይ አንጥፎ። ከዚያ ክምሩን እያሳየን ነገረን። ግንቡ ሳያልቅ የቀረ ነው። ይህ የጭቃ ጡብ ደግሞ ድንጋዩን ወደ ላይ ለመጎተት የሠሩት መወጣጫ ነው። ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር መወጣጫውንም ከፍ ያደርጉታል። ሲጨርሱ ከላይ ወደ ታች እያፈረሱ፣ ያንኑ መወጣጫ ቆመውበት ድንጋዩን ያለሰልሳሉ፣ ይቀርጹበታል። እዚህ ግን ሥራው ስለተቋረጠ መወጣጫው ሳይፈርስ ቀረ። ከ2,300 ዓመት በላይ ሆኖታል። አጠገቡ ያሉት ዓምዶችም እንደዚሁ ናቸው፤ ድንጋዩ እንደተጠረበ ተደራርቦ ቀርቷል፣ ገና ክብ አልሆነም።

እናቴ አጎንብሳ አየችው። ጡቡ ውስጥ የገለባ ስባሪ አለ። «ይሄማ የኛ ጭቃ ነው፣ በጭድ የተቦካ» አለች። ከዚያ «እስራኤላውያን በግብፅ ጭቃ ያቦኩት ይሄን ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው ሳቀ፣ ግን ጥያቄውን አላጣጣለውም። ይህ ጡብ ከዚያ ዘመን በጣም ዘግይቶ የመጣ እንደሆነ፣ ጡብን በጭድ መሥራት ግን በግብፅ ከጥንት ጀምሮ የነበረ እንደሆነ አስረዳት። ያን ያህል ደቂቃ አንድ የጭቃ ክምር ላይ ማጥፋት በቡድን የማይሞከር ነው። ለእኔ ግን የካርናክ ቁልፉ እሱ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ያየሁትን ድንጋይ ሁሉ ሰው እንደጎተተው፣ ሰው እንዳለሰለሰው እያሰብኩ ነው ያየሁት።

ከዚያ ወደ ዓምዶቹ አዳራሽ ገባን። 134 ዓምዶች ናቸው። መሐል ላይ ያሉት 12ቱ ቁመታቸው 21 ሜትር ገደማ ነው። ፈርዖን ሴቲ አንደኛ ያሠራው፣ ልጁ ራምሴስ ሁለተኛ የጨረሰው ነው። ፎቶ አይገልጸውም፣ እኔም አልገልጸውም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ቀና ስትሉ፣ ፀሐይና ንፋስ ያልደረሰበት ቦታ ላይ ቀለሙ አሁንም አለ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ይህ ሁሉ ግራጫ ድንጋይ ድሮ እንደ ጎጃም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በቀለም የደመቀ ነበር። ጣሪያውም ድፍን ነበር። ብርሃን የሚገባው ከላይ ካሉት የድንጋይ ፍርግርግ መስኮቶች ብቻ ነው። ጥቂቶቹ አሁንም ቆመዋል።

እዚህ ላይ ነው የግብፅ ቤተ መቅደስ እንዴት እንደሚነበብ የገባኝ። አስጎብኚው እንዲህ አለን፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ስትሄዱ ወለሉ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፣ ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ ብርሃኑም ይቀንሳል። መጀመሪያ ሰማይ ያለው ግቢ፣ ቀጥሎ ዓምድ ያለው አዳራሽ፣ መጨረሻ ላይ ጨለማው ክፍል፣ የአምላኩ ምስል የሚቀመጥበት። ተራው ሰው በበዓል ቀን ግቢው ድረስ ቢፈቀድለት ነው። ወደ ውስጥ የሚገባ ካህን ብቻ።

ይህን ስተረጉምላት እናቴ ወዲያው «ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ» አለች። በጣቷ እየቆጠረች። አንዱ ከአንዱ ተቀዳ ማለቴ አይደለም፤ የእኛው የሚቀርበው ለኦሪቱ ድንኳንና ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ ነው። ግን እኛ ሐበሾች ይህን ቤት ለማንበብ ከብዙ ፈረንጅ ቱሪስት የተሻለ ዓይን አለን። መጋረጃ ምን እንደሆነ፣ የማይገባበት ክፍል ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነታችን እናውቃለን። አንድ ሰው ደጅ ቆሞ ሳያየው የሚሳለመውን ነገር ማንም ሊያስረዳን አይገባም።

ንግሥት ሐትሼፕሱት ያስቆመችውን ሐውልት አየን። 30 ሜትር ገደማ፣ ከአንድ ወጥ ድንጋይ፣ ከአስዋን የመጣ። ከሥሩ የተጻፈው ጽሑፍ ከተራራው ተፈልፍሎ የወጣው በሰባት ወር ነው ይላል። አክሱምን ያየ ሰው ይህን ሲሰማ የሚሰማው ነገር ሌላ ነው።

አመሻሽ ላይ የሉክሶርን ቤተ መቅደስ አየን፣ መብራቱ ሲበራ። እዚያ ብዙ አልቆይባችሁም። ሁለት ነገር ብቻ። በሩ ላይ አንድ ሐውልት ብቻውን ቆሟል፤ መንታው ፓሪስ ነው፣ ከ1836 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አደባባይ ላይ ተተክሎ። የግብፅ ገዥ መሐመድ ዓሊ በስጦታ ነው የሰጠው። የአክሱም ሐውልት በ2005 እ.ኤ.አ. ከሮም ሲመለስ ያለቀስን ሰዎች ያንን ባዶ ቦታ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም፣ እኔ ቢያንስ አልቻልኩም። ሁለተኛው፣ ግቢው ውስጥ መስጊድ አለ፣ የአቡ ሐጃጅ መስጊድ። ድሮ በግቢው በኩል የነበረው የመስጊዱ በር አየር ላይ ነው የተንጠለጠለው፣ ከወለሉ ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ። ለምን? መስጊዱ ሲሠራ ቤተ መቅደሱ በአፈርና በአሸዋ ተሞልቶ ስለነበር፣ ያ በር ያኔ መሬት ላይ ነበር። ቁፋሮው የተጀመረው በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ያንን በር ሳየው ስንት ዘመን በላዩ ላይ እንደተከመረ በዓይኔ ለካሁት።

ሁለተኛው ቀን ደንደራ ነው። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለእሱ ስል ነው ማለት እችላለሁ።

ደንደራ ከሉክሶር ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቄና ከተማ አጠገብ። ብዙ ቡድን አይሄድበትም። ዓርብ ነበር። ሹፌራችን በቀኝ እጁ አንጓ ላይ ትንሽ መስቀል የተነቀሰ ሰው ነው፣ ኮፕት። እናቴ መስቀሉን ስታይ እጁን ይዛ ሳመችው። እሱም የአንገቷን ማተብ አሳይቶ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ቋንቋ አላስፈለጋቸውም። ጾም ስለሆነ ቁርሳችንን መንገድ ዳር ፉልና ታዕሚያ በላን፤ የግብፁ ታዕሚያ ከባቄላ ነው የሚሠራው፣ ጾመኛ ሰው ግብፅ ውስጥ አይራብም።

የደንደራ ቤተ መቅደስ የሐቶር ነው። ሐቶር የደስታ፣ የሙዚቃ፣ የፍቅር አምላክ ናት ብለው ያመልኳት ነበር። የላም ጆሮ ያላት ሴት ተደርጋ ትሣላለች። አሁን ያለው ሕንፃ የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ54 ዓመት ነው፣ በክሊዮፓትራ አባት ዘመን፤ ሮማውያን ቀጠሉበት። ለግብፅ ይህ አዲስ ነው። ለዚያም ነው ጣሪያው ሳይፈርስ የቀረው። ጣሪያው ድሮ በጥላሸት ጠቁሮ ነበር፣ በቅርብ ዓመታት አጸዱት። አሁን ቀና ስትሉ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ስል የእውነት ሰማያዊ፣ ትናንት የተቀባ የሚመስል።

እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ፊት ለፊት 24 ትልልቅ ዓምዶች አሉ። እያንዳንዱ ዓምድ አናት ላይ፣ በአራቱም አቅጣጫ፣ የሐቶር ፊት ተቀርጿል። ብዙዎቹ ፊቶች በመሮ ተገጥበዋል፤ በኋላ የመጡ ክርስቲያኖች እንደሆኑ ይነገራል። እናቴ «ደግ አደረጉ» ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ። ምንም አላለችም። ዝም ብላ ታያለች።

አስጎብኚው ወደ አንድ ግድግዳ ወሰደን። ንጉሡ ቆሟል፣ ከፊቱ ሐቶር። በእጁ የሆነ ነገር ይዟል። አስጎብኚው ገና ማስረዳት ሲጀምር እናቴ ክንዴን ጨመቀችኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። ምንድነው የያዘው?»

«ምን?»

«ይሄማ ጽናጽል ነው!»

ቀረብ ብዬ አየሁት። እጀታ አለው። ከእጀታው በላይ ፍሬም። በፍሬሙ መሐል የሚያልፉ ቀጫጭን ዘንጎች። እናቴ እውነቷን ነው። ቅርጹ ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም፣ የእነሱ እጀታው ላይ የሐቶር ፊት አለበት። አሠራሩ ግን ያው ነው፤ ይዘህ ትወዘውዘዋለህ፣ ብረቱ ይንሿሿል።

አስጎብኚው «ምን አለች?» አለኝ። ነገርኩት። «አሁንም ትጠቀሙበታላችሁ?» አለ፣ ማመን አቅቶት። ስልኬን አወጣሁና የገና ማኅሌት ቪዲዮ ከፈትኩለት። ካህናቱ በሁለት ረድፍ ቆመዋል፣ በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በሌላው ጽናጽል፣ እያሸበሸቡ። ያ ድምፅ ዓምዶቹ መሐል ሲሰማ፣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ድምፁን ቀንሼ ነበር የከፈትኩት፣ ግን በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጎልቶ ተሰማ። አንድ የቤተ መቅደሱ ጠባቂ ከጥግ ተነስቶ መጣና አብሮን ማየት ጀመረ። አስጎብኚው ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ዓምዶቹን አሳየን። «ዓምዶቹን እንደገና እዩዋቸው» አለ። «ዓምዱ እጀታው ነው። ከላይ የሐቶር ፊት። ከፊቷ በላይ ያለው ሳጥን የሚመስለው ደግሞ የጽናጽሉ ራስ። እነዚህ ዓምዶች እያንዳንዳቸው ጽናጽል ናቸው። የቆማችሁት ሃያ አራት ጽናጽል መሐል ነው።»

የጥንት ግብፆች ጽናጽልን «ሰሼሸት» ይሉት ነበር። ቃሉ ድምፁን ነው የሚያስመስለው። ሸ፣ ሸ፣ ሸ። በወንዙ ዳር የፓፒረስ ደንገል በንፋስ ሲወዛወዝ የሚያሰማው ድምፅ ዓይነት ነው። እናቴ ቃሉን ከአፉ ተቀብላ ደጋገመችው። «ሰሼሸት። ሰሼሸት።» ከዚያ ዞር ብላ የተገጠበውን ፊት አየችና፣ «ለካስ እነዚህም ማሸብሸብ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ» አለችኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «የጣዖት ቤት» የሚለውን ቃል አልሰማሁትም። እምነቷ ተለወጠ ማለቴ አይደለም፤ እሷ እመቤቴን አትለውጥም። ሰዎቹን ግን ሰው አድርጋ አየቻቸው። በቡድን ብንሄድ ኖሮ ያ ግድግዳ ጋ አንደርስም ነበር፣ ብንደርስም «ቆይ፣ ቆይ» ብትል የሚቆይላት የለም።

ደንደራ ገና አላለቀም። በግራና በቀኝ ወደ ጣሪያ የሚያወጡ ሁለት ደረጃዎች አሉ። አንደኛው እየተጠመዘዘ፣ ሌላው ቀጥ ብሎ። ግድግዳው ላይ የካህናት ሰልፍ ተቀርጿል፣ ዕቃ ተሸክመው፤ አንዱ ወገን ሲወጣ፣ ሌላው ሲወርድ። ከእነሱ ጋር አብራችሁ ነው የምትወጡት። እናቴ በየአሥር ደረጃው እየተቀመጠች ወጣች፣ ማንም አላጣደፋትም። ይህ ሰልፍ የዘመን መለወጫ በዓል ነው። በአዲስ ዓመት ዋዜማና ዕለት የሐቶርን ምስል ከጨለማው ክፍል አውጥተው፣ ደረጃውን ይዘዋት ወጥተው፣ ጣሪያ ላይ ካለችው ትንሽ ባለ 12 ዓምድ ቤት ውስጥ የፀሐይ ብርሃን እንዲያርፍባት ያደርጋሉ። ታች አንድ ክፍል ውስጥ ይኸው ነገር በሥዕል አለ፤ የሰማይ አምላክ ኑት ጣሪያውን ሞልታ ተዘርግታለች፣ ፀሐይን ማታ ትውጣለች፣ ጠዋት ትወልዳለች፣ የተወለደችው ፀሐይ ጨረርም የሐቶር ፊት ላይ ይወርዳል።

ጣሪያው ላይ ተቀምጠን ውሃ እየጠጣን ስለ አዲስ ዓመት ተነሳ። አስጎብኚው እንዲህ አለን፤ የጥንት ግብፆች ዓመት 12 ወር ነው፣ እያንዳንዱ ወር 30 ቀን፣ መጨረሻ ላይ አምስት ቀን ይጨመራል። እነዚያን አምስት ቀናት የአማልክት ልደት ናቸው ይሏቸው ነበር፤ አደገኛ ቀናት ናቸው ብለውም ይፈሯቸው ነበር። እናቴ ተርጉሜ ሳልጨርስ «ጳጉሜን» አለች። አዎ። ጳጉሜን። የእኛ አሥራ ሦስት ወር፣ የኮፕቶችም፣ የመጣው ከዚያው አቆጣጠር ነው። ስሙ ግሪክ ነው፣ «የተጨመረ» ማለት ነው። በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን መጨመርን እንኳ መጀመሪያ ያወጁት እዚያው ግብፅ ውስጥ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 ዓመት፤ ሕዝቡ አልተቀበለውም፣ በኋላ በሮማውያን ጊዜ ጸና። ሹፌራችንና እኛ መስከረም አንድን በአንድ ቀን ነው የምናከብረው።

ከዚያ አስጎብኚው እናቴን ጠየቃት። «ማማ፣ በእናንተ አገር ዝናቡ መቼ ነው?»

«ሰኔ ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ያለማቋረጥ ነው። መስከረም ይወጣል።»

«እዚህ ዝናብ የለም» አላት። «ግን ጥንት በየዓመቱ በሐምሌ አካባቢ ወንዙ ይሞላ ነበር። ቅድመ አያቶቻችን የኮከብ ምልክት ያያሉ፣ ሲርየስ ጎህ ሲቀድ ብቅ ትላለች፣ ውሃው ይመጣል፣ አዲስ ዓመት ይሆናል። ይሄ ሁሉ ሰልፍ፣ ይሄ ሁሉ ጽናጽል፣ ውሃው ስለመጣ ነው። ውሃው ደግሞ የእናንተ ክረምት ነው።»

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። እኔም እንደዚያው። የጎርፉ አብዛኛው ውሃ ከእኛ ደጋ የሚወርድ፣ በዓባይና በተከዜ በኩል የሚሄድ እንደሆነ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ግን ጎጃም ላይ በሐምሌ የዘነበው ዝናብ ደንደራ ላይ በዓል እንደነበር አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። አሁን ጎርፉ የለም። በ1970 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ይዞታል። ግድግዳው ላይ ያሉት ካህናት ግን እስካሁን ደረጃውን እየወጡ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። በጣሪያው አንዲት ክፍል የታወቀው የኮከቦች ክብ ሥዕል አለ፤ የምታዩት ቅጂውን ነው፣ ዋናው በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከጣሪያው ተቆርጦ ወደ ፓሪስ ተወሰደ፣ ዛሬ ሉቭር ሙዚየም ነው። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ግድግዳ ላይ ክሊዮፓትራና ልጇ ቄሳርዮን ተቀርጸዋል። ከመሬት በታች ባሉት ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ «የኤሌክትሪክ አምፖል» የሚባለው ሥዕል አለ። አምፖል አይደለም። ከሎተስ አበባ የሚወጣ እባብ ነው፣ የፍጥረት ታሪክ፤ አጠገቡ የተጻፈውም ስለዚያው ነው። የተጻፈውን የሚያነብላችሁ ሰው አብሯችሁ ካለ በዚህ አትታለሉም።

ሦስተኛው ቀን። ወንዙን ተሻግረን ወደ ምዕራብ፣ ዴር ኤል ባሕሪ። ዴር ማለት ገዳም ነው፣ ኢየሩሳሌም ያለውን ዴር ሱልጣን አስታውሱ። «የሰሜኑ ገዳም» ማለት ነው፤ የኮፕት መነኮሳት እዚያ ገዳም ስለነበራቸው። ቤተ መቅደሱ ግን የንግሥት ሐትሼፕሱት ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት የተሠራ። ገደል ስር ሦስት እርከን ሆኖ ተዘርግቷል። ከመኪና ማቆሚያው ትንሽ ይራመዳል፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ከደጃፍ የሚያደርስ ትንሽ መኪና አለ፣ እሱን ያዙ።

መሐለኛው እርከን ላይ፣ በግራ በኩል፣ የፑንት ግድግዳ አለ። ሐትሼፕሱት መርከብ ወደ ፑንት ልካ ነበር። ፑንት «የአምላክ ምድር» የሚሏት አገር ናት፣ ዕጣንና ከርቤ የሚመጣባት። ምሁራን የሚፈልጓት በእኛ አካባቢ ነው፣ በቀይ ባሕር ደቡብና በአፍሪካ ቀንድ። ከፑንት በተወሰዱ ዝንጀሮዎች ሙሚ (እንዳይበሰብስ ደርቆ የተጠበቀ በድን) ላይ የተሠራ ጥናትም ወደ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ሶማሊያ አካባቢ ነው የሚጠቁመው። ግድግዳው ላይ በቋሚ እንጨት ላይ የተሠሩ፣ በመሰላል የሚወጣባቸው ጎጆዎች አሉ። መርከቦቹ ስር ዓሣዎች ተቀርጸዋል፣ የቀይ ባሕር ዓሣ መሆናቸው እስኪታወቅ ድረስ በጥንቃቄ። ዝንጀሮ የመርከቡ ገመድ ላይ ተቀምጧል። ሰዎች የከርቤ ዛፍ ከነሥሩ በቅርጫት አድርገው፣ በመሸከሚያ እንጨት አንጠልጥለው መርከብ ላይ ይወጣሉ። አቲ የምትባለው የፑንት ንግሥትም አለች፤ ዋናው ድንጋይ ካይሮ ሙዚየም ነው፣ እዚህ ያለው ቅጂ ነው።

ሐትሼፕሱት ራሷ ግን በብዙ ቦታ የለችም። ከሞተች በኋላ ምስሏና ስሟ በመሮ ተፍቋል፣ በተተኪዋ በቱትሞስ ሦስተኛ ዘመን። ቅርጿ ብቻ ቀርቷል፣ ሻካራ፣ እንደ ጥላ። ሳልነካው እጄን አስጠግቼ የመሮውን ምት አየሁት። አንድ በአንድ፣ ተራ በተራ። ሰው ያንን ሲሠራ ውሎ ማታ ቤቱ ገብቷል።

እናቴ ዛፎቹ ፊት ቆማለች። «ታዲያ ይሄን ሁሉ መንገድ የመጡት ለዕጣን ነው?» አለች። አስጎብኚው «ለዕጣን ነው» አላት። እሷም ከቦርሳዋ ትንሽ የወረቀት ጥቅልል አወጣች። የቤተ ክርስቲያን ዕጣን ነው፣ ሁልጊዜ ትይዛለች። ፈታችና አሸተተችው። ሦስታችንም ግድግዳው ፊት ቆመን አሸተትነው።

ከዚያ ወደ ግራ ጥቂት እንደሄድን የሐቶር ጸሎት ቤት ደረስን። ከደንደራ በ1,400 ዓመት ገደማ የሚበልጥ ነው። አስጎብኚው አፉን ሊከፍት ሲል እናቴ ቀደመችው። ጣቷን ወደ ዓምዱ አናት ቀስራ «ይኸው፣ ሰሼሸት» አለችው። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት።

አሁን ስለ ወጪውና ስለ ዝግጅቱ ትጠይቁኛላችሁ፣ አውቃለሁ። ዋጋ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጠራም። የግል አስጎብኚ ከቡድን ይወደዳል፤ ግን ሦስትና አራት ሆናችሁ ከከፈላችሁት ልዩነቱ ይጠባል፣ ከአራት በላይ ግን አትሁኑ። ፈቃዱን በአንገቱ ያንጠለጠለ መሆኑን እዩ። የምትፈልጉትን ቤተ መቅደስ በስም ጻፉለት፣ ሰዓቱንም። ብዙ ቦታ ቲኬት የሚቆረጠው በካርድ ነው፣ ካርድ ያዙ። ለጠባቂዎች ባክሺሽ የሚሆን ዝርዝር ገንዘብም ያዙ፣ መብራት ያበራላችሁ ወይም ጥሩ ጥግ ያሳያችሁ ሰው ይጠብቃል። ጠዋት 12 ሰዓት ጀምራችሁ እስከ 5 ወይም 6 ሰዓት ጨርሱ፣ ከሰዓት ተኙ፣ ማታ ሉክሶርን እዩ። የነገሥታት ሸለቆን ለምን አላያችሁም የሚለኝ አለ። መቃብር ነው፣ እናቴ አልፈለገችም፣ እኔም አልቆጨኝም። አንድ ተጨማሪ ቀን ያለው ሰው ደንደራን ሁለት ጊዜ ይሂድ ባይ ነኝ።

በእኔ በኩል ይህን ያህል ነው። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። ስለ ጽናጽሉ መጠየቅ የምትፈልጉ ግን እናቴ እዚሁ አለች፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ነጠላ የለበሰችው። እሷን ጠይቋት፤ ከእኔ የተሻለ ታስታውሳለች።